ቀድሞ የመለሰው

«ትሰማለች ነው የምትይኝ?» አለ ኃይለመለኮት። «ከሰማች ታዲያ ለምን አትመልስም?»

«ትመልሳለች ጋሼ» አለች ማግዳሌና። «መመለሱንማ ትመልሳለች። መልሷ ነው ቦታው የማይደርሰው።»

እኔ የሆቴሉ ቢሮ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የስብሰባ አዳራሹን መጋረጃ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። የዚህን ግቢ ነገር ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳዳምጥ የከረምኩ ጎረቤት ነኝና፣ የምትሰማና የማትመልስ ሴት ስትነሳ ማን መሆኗን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና፣ ኃይሌ፣ ታላቅህ አይደለች እንዴ፣ አንድ ቀን ራስህ ሄደህ በሯን ብታንኳኳ ትመልስልሃለች አልኩት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ማግዳሌና ሳቋን ዋጠች፤ ኃይለመለኮት ደግሞ ምራቁን ዋጠ። ለካ ስለ እህቱ ስለ በዛብሽ አልነበረም። የሚነጋገሩት ጥግ ላይ የብረት መደርደሪያ ውስጥ ተቀምጣ አረንጓዴ መብራቷን ስለምታርገበግበው ጥቁር ማሽን ነው። ሰርቨር ይሏታል። እኔም አፍሬ መኪናዬ ላይ ተደፋሁ፤ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አላነሳሁም፤ በዚያው ሁለት ሜትር ያህል ጠማማ ሰፋሁ።

ሆቴሉ ጁባ ውስጥ፣ ከካስተም ገበያ ወደ ጉዴሌ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የኔ ሱቅ ከአጥሩ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተለጥፎ የቆመ ስለሆነ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚባለውን ከሚባለው ሰው ቀድሜ የምሰማበት ጊዜ አለ። አርባ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁሉም በከባድ መኪና ተጭኖ የመጣ የቆርቆሮ ቤት ነው። ለአንድ አዳር መቶ ዶላር የሚከፍል እንግዳ የሚያገኘው አልጋ፣ አጎበር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ቦቴው በሰዓቱ ከመጣ የሚንጠባጠብ ሻወር ነው። ያም ሆኖ ክፍል አይተርፍም፤ ምርጫው ካለፈ ወዲህ፣ ሪፈረንደሙም እየቀረበ ሲመጣ፣ ጁባ ውስጥ ነጭ ያላሳደረ ቆርቆሮ የለም። ክፍሎቹና አዳራሹ የኃይለመለኮት ናቸው። ከማንጎው ዛፍ ወዲያ ያለው ምግብ ቤት የታላቅ እህቱ የበዛብሽ ነው። ሁለቱ ከታኅሣሥ ወዲህ አይነጋገሩም። ምክንያቱን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሳይረሱት አልቀሩም። ኩርፊያው ግን የራሱ ሥርዓት አለው። እሱ ለእሷ የሚለውን ለምግብ ቤቷ አስተናጋጅ ይነግራል፤ እሷ ለእሱ የምትለውን ለጥበቃው ለኩዋኝ ትነግራለች። ኩዋኝ የሚያውቀው አማርኛ ከእንጀራና ከወጥ ስለማያልፍ መልእክቱ እስኪደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በእኔ ግምት ግቢውን ከመፍረስ ያዳነው እሱ ነው። ምሳ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ሰባት ሰዓት ሲሆን በክዳን የተሸፈነ ሰሃን ከማንጎው ማዶ ይመጣል፤ እሱ ይበላል፤ ባዶው ሰሃን ይመለሳል። ጣፈጠኝ የለ፣ በላህ ወይ የለ።

ማግዳሌና ይቺን ሰርቨርና በግቢው ውስጥ የተዘረጋውን ሽቦ ሁሉ ለመጠበቅ የተቀጠረች የዚሁ አገር ልጅ ናት። ልጅነቷን ጋምቤላ፣ ኮሌጇን አዲስ አበባ ጨርሳ፣ ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ አገሯ ገባች። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል፤ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያነበብኩት የጨርቅ መለኪያ ብቻ ነው። ዘመዶቿ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ግቢ ብለው ሲለምኗት፣ እዚያ ወንበር እንጂ የሚሠራ ኮምፒዩተር የለም ብላ እዚህ ቀረች። እናቷ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም። አሥር ወሯ ነው፤ አሥሩንም ወር ማንም አስታውሷት አያውቅም፤ የእሷ ሥራ ሲሠራ የማይታይ፣ ሲቆም ግን ሁሉም የሚያየው ነው። እስከዚህ ሳምንት አልቆመም ነበር።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ግቢ ውስጥ ሲገባ ቁጥር የለውም። ቁጥር ከሌለው ደግሞ ከአጥሩ ውጪ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ገና እንደተከፈተ፣ ማንን እንደሚጠራ ሳያውቅ፣ ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው ብሎ ለግቢው በሙሉ ይጮሃል። ሰርቨሯ ትሰማለች፣ መዝገቧን ታያለች፣ ይኸው የአንተ ብላ ትሰጠዋለች። እንግዳ ተቀባይ በላት። ችግሩ ይህ ጩኸትና መልስ ደረሰኝ የሌለው ዓይነት መልእክት መሆኑ ነው፤ የላከው ይልካል እንጂ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠብቅም። እንዴት ያለ ነገር ነው ብላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደ እትዬ በዛብሽ ምሳ» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ታዲያ እንግዶቹ ቁጥር አላገኝ አሉ። ጠዋት ደህና ነው። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ የተከፈተ ኮምፒዩተር ግን ምልክቱን ያሳያል እንጂ አንድ ገጽ አይከፍትም። ኃይለመለኮት ሙቀቱ ነው አለ፤ ፀሐይ ከነጭ አባይ ማዶ ከፍ ስትል ቆርቆሮው ይግላል፣ ማሽኗም ትታመማለች ብሎ የራሱን ቬንትሌተር ከጠረጴዛው አንስቶ ለሰርቨሯ አዞረላት። ሦስት ቀን እሱ በላብ ተጠመቀ፤ እሷ በነፋስ ተቀማጠለች፤ ለውጥ የለም። የሰርቨሯ መዝገብ ሲታይ ደግሞ ምንም ጉድለት አልተገኘባትም። እገሌ ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ። እገሌ ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ። ከመልሱ በኋላ ጠያቂው እሺ ብሎ መቀበል ነበረበት፤ እሺ የሚል የለም። በሩን አንኳኩተው፣ ግቡ ሲባሉ ዝም ብለው የሚሄዱ ሰዎች ይመስላሉ።

ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፕሪሲላ የምትባል የአንድ ድርጅት ኃላፊ ትመጣለች። ድርጅቱ ከሰኞ ጀምሮ ሃምሳ ሰው ለአሥራ ሁለት ቀን ሥልጠና ሊያስገባ ነው። ሴትየዋ የጠየቀችው ነገር አልጋም ምግብም አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔት መኖሩን በገዛ ዓይኔ ልይ ነው ያለችው፤ ካልሆነ ወንዙ ዳር ካለው ሆቴል ጋር ተነጋግራለች። ጠዋት ኃይለመለኮት ማግዳሌናን አስቀምጦ ሳይቆጣ ነገራት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልሠራ፣ ከካምፓላ ያነጋገርኩት ባለሙያ አለ፣ ዛሬ ማታ አውቶቡስ ይዞ ይነሳል፤ እሱ ከመጣ ደግሞ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው አልቀጥርም አላት። እሺ ጋሼ አለች። ወጥታ ከማንጎው ሥር ትንሽ ቆመች። እንባ መስሎኝ ነበር፤ ስትመለስ ግን እጇ ላይ አዲስ ኬብል ይዛለች።

ከጠዋት እስከ ምሳ ያልፈተሸችው የለም። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። መጀመሪያ አገልግሎቱ በሕይወት አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አለ። የሚያዳምጥበት በር ክፍት ነው ወይ፤ ክፍት ነው። በሩ ላይ የቆመ፣ ፋየርዎል የሚሉት ዘበኛ አለ፣ የማያውቀውን መልእክት የሚመልስ፤ እሱ ይሆን ብላ ለአሥር ደቂቃ አሰናበተችው፤ አልሆነም፣ መልሳ ቀጠረችው። ጠፍቶ ይነሳ ብላ አጥፍታ አስነሳችው። ኬብሉን ስትቀይር ባትሪውን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የሞተ እንሽላሊት ስላገኘሁ ጥፋተኛው ተገኘ አልኳት፤ አልሳቀችም። በየመሃሉ የራሷን ላፕቶፕ ትሞክራለች፤ የእሷ ይሠራል። ይኸው ይሠራል ትላለች። አዳራሽ ሄዳ የሆቴሉን ላፕቶፕ ትሞክራለች፤ አይሠራም። ይህን መንገድ አሥር ጊዜ ስትመላለስበት ኩዋኝ ከበሩ ሆኖ ቆጥሯል፤ ባለፈች ቁጥር ማፊ ሙሽኪላ ይላታል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰሃኑ መጣ። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ፣ ጎመንና ጥግ ላይ ትንሽ የቃሪያ ስንግ ነበር። ኃይለመለኮት እጁን ታጠበና ጥቂት ጎርሶ ሰሃኑን ወደ ማግዳሌና ገፋው። እሷ አንድ ጊዜ ጎርሳ እጇ እዚያው ሰሃኑ ላይ ቆመ። እኔ በጎመኑ በኩል ረዳኋቸው። ስንበላ የእንግዳ መቀበያው መስኮት ፊት አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው ክፍል ይጠይቃል። መዝጋቢዋ ክፍሉ መለቀቁን ላረጋግጥ ብላ ሄደች፤ ተመልሳ እስክትመጣ ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ከማዶው ሆቴል ገባ። ማግዳሌና ሰውየውን እስከ በሩ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ከመስኮቱ ፊት ቆሜ ጠይቄ አላውቅም» አለች። ለማን እንዳለች አላወቅንም። የእሷ ላፕቶፕ ከድሮ ጀምሮ በእጇ የጻፈችለት ቋሚ ቁጥር አለው፤ ስለዚህ አንድም ቀን ቁጥር ስጡኝ ብሎ ጮሆ አያውቅም። ባለቤት ሆና እየገባች፣ እንግዳ ለምን እንደማይገባ ትመረምር ነበር።

እጇን እንኳን በወጉ ሳትታጠብ አዳራሽ ገባች። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ መጋረጃ እሰቅላለሁ። ኃይለመለኮት ከቦቴው ሾፌር ጋር ሊከራከር ወደ በሩ ወጥቷል፤ ሾፌሩ ከግንቦት ጀምሮ መንገዱ ጭቃ ሆነብኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ሃያ ፓውንድ ጨምሮበታል። ማግዳሌና ላፕቶፗን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ቋሚ ቁጥሩን ሰረዘችው። በሽቦው የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ የሚያሳይ ትእዛዝ ጻፈችና፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው ብላ አስጮኸችው። መልሱን አየች። እንደገና አስጮኸች። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ሳያት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ታነባለች።

«ጋሽ ረታ» አለችኝ። «ሁለት ናቸው።»

ምኑ ብዬ ወረድኩ። አንድ ጥያቄ ተጠይቆ ሁለት መልስ መጥቷል። የኛዋ ሰርቨር የምትሰጠው ቁጥር በአሥር ይጀምራል። ቀድሞ የመጣው ግን በመቶ ዘጠና ሁለት የሚጀምር፣ ማግዳሌና የማታውቀው ቁጥር ነው። የኛዋ ጥንቁቅ ስለሆነች፣ ቁጥሩን ከመስጠቷ በፊት ሰው ይዞት እንደሆነ አንኳኩታ ታረጋግጣለች፤ ያ አንድ ሰከንድ ይፈጅባታል። ያኛው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሳያይ ይሰጣል። ኮምፒዩተር ደግሞ የተሻለውን አይመርጥም፤ ቀድሞ የመለሰውን ይይዛል። የያዘው ቁጥር ወደ አንድ በር ይመራዋል፤ ከበሩ ወዲያ መንገድ የለም። ሰርቨሯ ሦስት ቀን ሙሉ መስማትም መመለስም አላቃታትም፤ መቅደም ነው ያቃታት። ማግዳሌና ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ፣ ኪሱ የጠፋበት ሱሪ ውስጥ ኪሱን ሲያገኝ የማየው የደንበኛ ደስታ ነው። ብዙ አልቆየም። ይህ ሁለተኛ መላሽ የት ነው ያለው የሚለው ጥያቄ ተከተለ፤ ሰዓቱም ስምንት ከሩብ ሆኗል።

ቢሮው ውስጥ ከሰርቨሯ ሥር ሁሉም ኬብሎች የሚሰበሰቡበት ሳጥን አለ፤ ስድስት ኬብል ይገባበታል። አንዱን ትነቅላለች፣ እንደ እንግዳ ታስጮሃለች፣ ሁለት መልስ ካየች መልሳ ትሰካለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ኃይለመለኮትን እጠብቃለሁ። አንደኛው፣ ሁለት መልስ። ሁለተኛው፣ ሁለት መልስ። ሦስተኛው፣ እንዲሁ። አራተኛውን ስትነቅል የኛዋ ብቻ መለሰች። ማግዳሌና ኬብሉን በጣቷ እየተከተለች እስከ ግድግዳው ቀዳዳ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ መከተል አላስፈለጋትም። ከማንጎው ሥር ተቀብሮ ምግብ ቤት የሚገባው ነው። ድሮ፣ ሳይኮራረፉ፣ የምግብ ቤቱን ሒሳብ ከሆቴሉ ጋር እንዲያያይዝ ተብሎ የተዘረጋ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አምስት ወር ሙሉ ሰው በእግሩ ሊሻገረው ያልደፈረውን ግቢ አንድ ሽቦ ሲመላለስበት ከርሟል። ኬብሉን ነቅሎ መተው ቀላል ነው ብዬ ሐሳብ ሰጠሁ። ራሷን ነቀነቀች። ከነቀልኩት እትዬ በዛብሽ ይቆጣሉ፤ ከተቆጡ እሳቸው ለኩዋኝ፣ ኩዋኝ ለጋሼ፤ ጋሼ ደግሞ ሆን ብላ ነው ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይበርድም አለች። ከዚያም አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ፤ በዛብሽ እኔ ፊት ሰው አትሰድብም ብላ ነው፤ ይህ ስሕተት መሆኑን አልነገርኳትም።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የምሳ ሰው ወጥቶ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። በዛብሽ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ግድግዳው ላይ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ጥብስ ሃያ አምስት፣ ሽሮ አሥራ ሁለት፣ ቢራ ስድስት፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት በነፃ የሚል አዲስ ካርቶን ተለጥፏል። ማግዳሌና ካርቶኑን አየች፣ እኔም አየሁት፣ በዛብሽም ማየታችንን አየች። ማግዳሌና ሰላምታዋን በወጉ ጨርሳ፣ እትዬ፣ ሰሞኑን የገዙት አዲስ ዕቃ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። በዛብሽ በአገጯ ወደ ፍሪጁ አመለከተች። ከፍሪጁ ጀርባ፣ አንቴና ያላት ትንሽ ነጭ ሳጥን፣ አቧራ እንዳይነካት ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች። መብራቷ በዳንቴሉ ቀዳዳ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። እንግዶች ገና ሳይቀመጡ ኢንተርኔት አለ ይላሉ፤ የለም ሲባሉ ይወጣሉ። ወንድሜ ዘንድ ሂዱ ብላ ደግሞ ሰው አትልክም። ካስተም ስልክ የምትሸጠው ዓቢዳ ይቺን ሳጥን ሸጠችላት፤ መጥታም ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካችላት። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱን ስትከፍት ፍሪጁንም ሳጥኗንም ታበራለች። ሠራልሽ ወይ ብላት፣ «ሰኞ ነው የተከልኩት። እስካሁን አልያዘም» አለችኝ፣ ችግኝ ይመስል። ዓቢዳ ታገሺ ብላት ሳምንት ልትጠብቅ ነው። ማግዳሌና አጠገቧ ቁጭ ብላ ነገሩን በሙሉ ነገረቻት፤ ሳጥኗ ሳታውቅ የሰው እንግዳ እየጠራች የሌላት ክፍል እንደምትሰጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትመጣውን ሴትዮ፣ ሰኞ የሚገቡትን ሃምሳ ሰዎች። ስለ ካምፓላው ሰው አልነገረቻትም። እሱን የነገርኩ እኔ ነኝ፤ አፌ እንዲህ ነው።

በዛብሽ ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም። «እሱ ያውቃል?» አለች።

«አያውቁም።»

«ልትነግሪው ነው?»

«ዕቃውን ማስተካከል የኔ ሥራ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል» አለች ማግዳሌና። «ቁጥር መስጠቱን ትተዋለች፤ ከሰርቨሩ እየተቀበለች ታሳልፋለች። እርስዎም ኢንተርኔት ያገኛሉ። እሳቸውን መንገር ግን የኔ አይደለም። ብነግራቸው ነገ ተነስተው መብራቱንም ይለያሉ፤ እርስዎም ሁለተኛ ጄኔሬተር ሊገዙ ነው።»

ከወንድሟ ማሽን እየተቀበለች፣ ሳትጠይቀው። ይህ ሐሳብ በበዛብሽ ፊት ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁት። አንድ ጠጠር ከምስሩ መሃል አንስታ በመስኮቱ ወረወረች። አድርጊው አለች፤ ዳንቴሉን ግን ስትጨርሺ መልሺው። ማግዳሌና ሳጥኗን ገልብጣ ከሥሯ የተጻፈውን የይለፍ ቃል አነበበች፤ ዓቢዳ አልቀየረችውም። ላፕቶፗ ላይ ጻፈች፣ አንድ ቦታ ላይ ያለውን ምልክት አጠፋች፣ ሳጥኗን አስነሳች፣ ዳንቴሉን አለበሰቻት። ወደ ቢሮው ሮጣ አራተኛውን ኬብል መልሳ ሰካችው። አስተናጋጇ ስልኳን ከፍታ ስታይ ገብቷል፣ ገብቷል ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በዛብሽ ቀና ብላ አላየችም።

ፕሪሲላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማዋን ከጭቃ ለማዳን ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለለች የገባች፣ ለቀልድ ጊዜ የሌላት ሴት ናት። ሾፌሯ አሥር ላፕቶፕ ይዞ ተከተላት፤ አሥሩንም ጠረጴዛው ላይ ደርድራ በአንድ ጊዜ አስከፈተች። ኃይለመለኮት ከኋላ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ማግዳሌና ግድግዳውን ተደግፋለች፤ እኔ ያልተሰቀለ መጋረጃ ስላልቀረኝ የተሰቀለውን አስተካክላለሁ። አንደኛው ከፈተ። ሦስተኛው ከፈተ። ሰባተኛው ትንሽ አሰበ፤ ማግዳሌና ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፈተ። አሥሩም ከፈቱ። ፕሪሲላ አንዱ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ላከች፣ መልሱን ጠብቃ አነበበች፣ ስክሪኑን አጠፈች። ኩዌስ አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዎቹ ይገባሉ፣ መጋረጃው ግን አንዱ ጠማማ ነው ብላ ሄደች።

ኃይለመለኮት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንዲህ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ሳየው ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኔም ጠማማውን መጋረጃ ማውረድ ጀመርኩ። ውሃ አስመጣ፤ ለማግዳሌና ራሱ ከፍቶ ሰጣት። ከዚያ ግን ምን ነበር ብሎ ጠየቀ። አንድ ዕቃ ያለ ቦታው መስመሩ ላይ ገብቶ ነበር ጋሼ፣ አስተካክዬዋለሁ አለችው። የማን ዕቃ? ውሃዋን ጠጣች። ማን አስገባው? ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኃይለመለኮት መልካም ሰው ነው፤ ዝምታን ግን በምግብ ቤቱ በኩል ጠግቦታል፤ ከቢሮው በኩል ሲጨመርበት ፊቱ ተቀየረ። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ይመለሳል፣ ሃምሳ ሰው አስቀምጬ ደግሞ እንዳይቆም ስጸልይ አልውልም አለ። የማትነግሪኝ ከሆነ ያ ሰውዬ መጥቶ ፈልጎ ይነግረኛል ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ማግዳሌና ትርፉን ኬብል በክንዷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እኔም ቃሏ አፌ ላይ ደርሳ፣ ምላሴን ነክሼ ይዣታለሁ። ስልኩ መጥራት ጀመረ።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። በዛብሽ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ላይ የምስር አቧራ እንዳለ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ያልረገጠችውን ደፍ ረግጣ ገባች። ኩዋኝ ከኋላዋ ሮጦ መጥቷል፤ መልእክት ይኖረዋል ብሎ መሰለኝ። እሷ ግን አላየችውም፤ እኔንም አላየችኝም።

«ስልኩን ዝጋው» አለችው ወንድሟን። «ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም። ዕቃው የኔ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ነው ያለው። ሰኞ ነው የገዛሁት፣ እሷ ዛሬ ነው ያገኘችው።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሃሎ ሃሎ ይላል። ኃይለመለኮት እህቱን እያየ፣ በእንግሊዝኛ፣ ይቅርታ፣ አያስፈልግም፣ ሰው አለኝ አለና ዘጋው። ማግዳሌና ኬብሉን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤ እንደገና ፈታችው። ወደ እሷ ዞሮ፣ ሰኞ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሺ፣ አሥራ ሁለቱንም ቀን አዳራሹ በአንቺ እጅ ነው አላት። እሺ ጋሼ አለች፤ የጠዋቱ እሺ አልነበረም።

አምስት ወር ተጠራቅሞ የሚባል ነገር ብዙ ነው፤ ከየቱ እንደሚጀመር ሁለቱም የጠፋቸው መሰለኝ። ኃይለመለኮት ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ፣ «ስንት ገዛሽው?» አለ።

«ሦስት መቶ ፓውንድ።»

«ካስተም ውስጥ በመቶ ሰማንያ ይሸጣል።»

«አውቃለሁ» አለች በዛብሽ። «አንተን ከመጠየቅ ግን ይረክሳል።»